የነፍሰ ጡር እናት የዘወትር ሕመሞች፤ በቤትና በአጥቢያ ማቅለያቸው

“ነፍሰ ጡር” የሚለው ቃል ትርጉሙን በውስጡ ይዟል፤ ነፍስን የተሸከመች ማለት ነው። በጃናሞራ ደጋ ግን ነፍስን የተሸከመችው እናት ሸክሟ ያ ብቻ አይደለም። ከመካነ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ የተጓዘ ሁሉ ቁልቁለቱን ወደ ምንጭ ስትወርድ፣ ዳገቱንም ጄሪካን አዝላ ስትመለስ አይቷታል። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያ ክብደት በገመድ ታስሮ ከጀርባዋ ያርፋል፤ በፊት ለፊቷ ደግሞ ፅንሱ አለ። ማታ “ወገቤን” ብትል “እርግዝና ነው፤ ያልፋል” የሚል መልስ ታገኛለች።

መልሱ ሐሰት አይደለም። ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት፣ የወገብ ሕመም፣ የባት መኮማተር፣ የእግር ማበጥ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት አብዛኞቹን እናቶች የሚነኩ፣ ከወሊድ በኋላም የሚለቁ ናቸው። ነገር ግን “ያልፋል” የሚለው ቃል ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ በቀላል ልማድ ሊቀል የሚችለውን ሕመም እናቲቱ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለ ምክንያት እንድትሸከም ያደርጋታል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ሁሉም ሕመም “ያልፋል” ከተባለ፣ የማያልፈውም አብሮ ይባላል። እግር ማበጥ የተለመደ ነው፤ ፊትና እጅ ሲያብጥና ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን የተለመደ አይደለም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው የተለመደውን በደንብ ሲያውቁት ነው።

ይህ ትምህርት ለእናቶች ሳይሆን ለአባቶች ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተጻፈበት ምክንያት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለነፍሰ ጡሯ “ከባድ ነገር አትሸከሚ፤ ትንሽ ትንሽ እየበላሽ ደጋግመሽ ብዪ፤ ዕረፍት አድርጊ” ብላ ትመክራታለች። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ውኃውን ማን ይቅዳ? በጾም ቀን በረፋዱ እንድትቀምስ ማን ይፍቀድላት? ቅዳሴው ላይ ብትቀመጥ ጎረቤት ምን ይላታል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው በእርሷ እጅ ሳይሆን በባሏ፣ በአማቷ፣ በንስሐ አባቷና በአጥቢያዋ እጅ ነው።

ባዶ ሆድ

የመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይበረታል፤ “የጠዋት ሕመም” መባሉም ከዚህ ነው። እንዲያውም በቀኑ በማናቸውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል። በአብዛኞቹ እናቶች ላይ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የሚያባብሰው አንድ ትልቅ ነገር ባዶ ሆድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳትበላ ያደረች እናት ብድግ ስትል ያዞራታል፤ ያጥወለውላታል፤ ስላጥወለወላት አትበላም፤ ስላልበላችም ይብስባታል።

ክቡን የሚሰብረው ቀላል ነገር ነው። ከመኝታዋ ሳትነሣ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወይም ቁራሽ ደረቅ ቂጣ ታኝክ፤ ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ ትነሣ። ቆሎውን ማታ ከራስጌዋ ማስቀመጥ የባል ሥራ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያም በቀን ሁለት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይሻላታል። ውኃውንም ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመካከል በጥቂቱ ትጠጣ። የዝንጅብል ሻይ ለማቅለሽለሽ እንደሚረዳ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዝንጅብል ደግሞ በየገበያው የሚገኝ ነው። የሚያጥወለውላትን ሽታም ማራቅ ያስፈልጋል። ለብዙዎቹ ቁሌትና የማገዶ ጭስ ናቸው፤ ጭሱ ለእናቲቱም ለፅንሱም ጎጂ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት ሌላ ሰው ቢጋግርላት አለዚያም ምድጃው አየር በሚገባበት ቦታ ቢሆን ድርብ ጥቅም አለው።

ወደ ጾሙ ጉዳይ እንመጣለን። በማንኛውም ዘጠኝ ወር ውስጥ ከአጽዋማት ቢያንስ አንዱ ረጅም ጾም ይውላል፤ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ ወይም የነቢያት ጾም፣ ወይም የሐዋርያት ጾም። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ባዶ ሆድ ለሚያውካት እናት ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ የተባለው ይበቃል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕመምተኛውን ከግዴታው ያሳርፈዋል፤ በቤተ ክርስቲያናችን የተለመደው ትምህርትም ነፍሰ ጡርንና አጥቢ እናትን በጾም አያስገድድም። ችግሩ ሥርዓቱ አይደለም። ችግሩ እናቲቱ ይህን ፈቃድ አለመጠየቋ ነው። ጠንካራ ክርስቲያን መሆኗን የምትለካው በጾሟ ነው፤ አማቷም እንዲሁ ጾማ ወልዳለች፤ ጎረቤቶቿም ያያሉ። ስለዚህ ዝም ብላ ትጾማለች፤ ስትወድቅም “አዞረኝ” ትላለች እንጂ “ጾሜ ነው” አትልም።

እንግዲህ የንስሐ አባት እርሷ እስክትጠይቀው ሊጠብቅ አይገባውም። ጠበል ሊረጭ ወደ ቤቱ ሲገባ ወይም ለንስሐ ስትቀርብ ነፍሰ ጡር መሆኗን ካወቀ እርሱ አስቀድሞ ይናገር፤ የሚናገረውም ባልና አማት ባሉበት ይሁን። “ልጄ፣ አሁን ጾምሽ ይህን ልጅ መጠበቅ ነው፤ በሰዓቱ ቅመሽ” የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከካህኑ አፍ ሲወጣ ከብዙ የጤና ትምህርት ይበልጥ ቤቱን ይለውጠዋል። ከእንስሳት ተዋፅኦ መታቀብንና ሰዓት መጠበቅን ለይቶ ማየትም ይጠቅማል። የጾም ምግቡ፣ ማለትም ሽሮው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው በራሱ መልካም ምግብ ነው፤ የሚጎዳት ይልቁንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመሷ ነው። ሰውነቷ የተዳከመና ደም ያነሳት ከሆነች ደግሞ ወተትና እንቁላልም ያስፈልጋታል፤ ይህን የጤና ባለሙያው ሲነግራት ካህኑ ቃሉን እንዲያጸናላት ይጠበቃል። ለቅዱስ ቁርባን የሚጠበቀው 18 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣው ጠበልም እንዲሁ ከንስሐ አባቷ ጋር የምትመክርባቸው ናቸው። ካህኑ ግን ከመወሰኑ በፊት ትተፋ እንደ ሆነ፣ ወድቃ ታውቅ እንደ ሆነ፣ ጤና ጣቢያ ምን እንዳሏት ይጠይቃት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የመታው ድርቅ ጎተራውን ባዶ ባደረገበት ጊዜ “ደጋግመሽ ብዪ” የሚለው ምክር ለብዙ እናቶች ትርጉም አልነበረውም። ሰው የሌለውን አይበላም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰበካ ጉባኤው የእርዳታ እህል ሲከፋፈል የነፍሰ ጡሮችንና የአጥቢዎችን ስም ለይቶ መያዙ ከማንኛውም ትምህርት ይቀድማል።

ቃርና ድርቀት

ቃርና የሆድ ድርቀት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ ሥራው ማኅፀን ከጊዜው በፊት እንዳይኮማተር ጡንቻውን ማላላት ነው። ነገር ግን የሚያላላው ማኅፀንን ብቻ አይደለም። የጨጓራውን በር ስለሚያላላ አሲዱ ወደ ላይ ተመልሶ ደረትን ያቃጥላል፤ አንጀትን ስለሚያዘገይ ድርቀት ያመጣል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ፅንሱ ራሱ ጨጓራውን ወደ ላይ ይገፋል።

ለቃር የሚበጀው ማታ ጥቂት በልቶ፣ ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየትና ትራሱን ከፍ ማድረግ ነው። በገጠር እራት የሚበላው ከብቱ ገብቶ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወዲያውም መኝታ ይከተላል። የነፍሰ ጡሯ እራት ከቤተ ሰቡ ቀድሞ ቢሰጣት ነውር አይደለም። በርበሬ የበዛበት ወጥና የሰባ ምግብ ያባብሱታል፤ አልጫ ይቀላታል።

ለድርቀት ግን የደጋው ምግብ ራሱ መድኃኒት ነው። ገብስ ከነገለባው፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ከሁሉም በላይ ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ የተበጠበጠ ተልባ ሆድ ያለሰልሳሉ። የከተማው የፉርኖ ዳቦ እንደ ገብሱ ቂጣ አይደለም፤ ገለባው ተለይቶ ወጥቶለታል። በአንዳንድ ቤት ተልባ ወይም ወተት “በሕፃኑ ላይ ይለጠፋል” ተብሎ ለነፍሰ ጡር ይከለከላል፤ ብዙ ብትበላ ልጁ ገዝፎ ምጧ ይከብዳል የሚሉም አሉ። እናቲቱ የምትበላው ወደ ሆድ ዕቃዋ እንጂ ወደ ማኅፀኗ አይገባም፤ ፅንሱን የሚመግበው በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያልፈው ነው። ምግብ መቀነስ ምጥን አያቀልም፤ የሚያደርገው እናቲቱን ለምጡ አቅም ማሳጣት፣ ልጁንም ክብደቱ ያነሰ አድርጎ ማስወለድ ነው።

ስለ ውኃ ደግሞ በደጋው የተለየ ነገር አለ። ማኅፀን ፊኛን ስለሚጫን ነፍሰ ጡር ሌሊት ደጋግማ ለሽንት ትነሣለች። በሰሜን ተራሮች ብርድ፣ በጨለማ፣ ከጎጆው ወጥቶ መሄድ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ከቀትር ጀምሮ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ውጤቱ ድርቀት ነው፤ አንዳንዴም የሽንት ቧንቧ መመረዝ። ቀን በደንብ ጠጥታ ወደ ማታው ብትቀንስና በቤት ውስጥ መሽኛ ዕቃ ቢዘጋጅላት ችግሩ ይቃለላል። ሽንቷን ካቃጠላት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በእርግዝና ጊዜ ያልታከመ የሽንት መመረዝ ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል።

ወገብና እግር

የወገብ ሕመም የሚመጣው ፅንሱ ሲያድግ የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ስለሚሄድና መገጣጠሚያዎች ስለሚላሉ ነው። ሥራ መሥራት በራሱ አይጎዳትም፤ መራመድና መንቀሳቀስ ለወገቧም ለእንቅልፏም ይበጃል። የሚጎዳት ከባድ ሸክም፣ ረጅም ሰዓት ማጎንበስና ረጅም ሰዓት መቆም ነው። ሃያ ሊትሩ በአህያ ወይም በባል ትከሻ ይምጣ፤ ያም ካልሆነ በአምስት ሊትር ዕቃ እየተከፈለ ይምጣ። ከመሬት ዕቃ ስታነሣ ወገቧን ሳይሆን ጉልበቷን ትጠፍ። እንጀራ ስትጋግር ከምድጃው አጠገብ ዝቅተኛ በርጩማ ይኑራት። መቀነቷንም በሚገባ ብትታጠቀው ይረዳታል፤ ከሆዷ በታች፣ በዳሌዋ ዙሪያ ሳይጠብቅ ታስሮ ክብደቱን ይደግፍላታል። በሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን አይገባም።

ባል ውኃ ሲቀዳ በመንደሩ መሳቂያ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ቀላል አይደለም። ይህንን ፍርሃት ከጤና ባለሙያ ይልቅ ካህን ማንሣት ይችላል። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 1 የጻፈውን እናስታውስ፤ ኤልሳቤጥ በስድስተኛ ወሯ ሳለች እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ ሦስት ወር ያህል ከእርሷ ዘንድ ቆይታለች። ስድስት ወርና ሦስት ወር ዘጠኝ ነው። ያ ጊዜ ወገብ የሚከብድበት፣ እግር የሚያብጥበት የመጨረሻው ሦስት ወር ነው። ይህን ክፍል በምናስተምርበት ቀን የውኃውን ነገር ብናነሣ ከትምህርቱ አልወጣንም።

እግር የሚያብጠው ማኅፀን ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚጫነው ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መደብ ላይ ጋደም ብላ እግሯን በትራስ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ከፍ ታድርግ። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ትተኛ፤ በጀርባ መተኛት ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ለፅንሱ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። ሌሊት ባቷ ሲኮማተርባት እግሯን ዘርግታ የእግሯን ጣቶች ወደ ራሷ ትሳብ፤ ተረከዟን ወደ ፊት ትግፋ። ወዲያው ይለቃታል። ባሏ ቢያሻሽላትም መልካም ነው።

በቅዳሴ ጊዜ ረጅም ሰዓት መቆም ደሙን ወደ እግር ያወርደዋል፤ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ትወድቃለች። በሴቶች መቆሚያ በኩል ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡባቸው ጥቂት ወንበሮች ወይም አንድ የድንጋይ መደብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወንበሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ካህኑ በዐውደ ምሕረት “ነፍሰ ጡሮችና ሽማግሌዎች ተቀመጡ” ብሎ ካልተናገረ ወንበሩ ባዶውን ይቀመጣል።

ደም ማነስ፣ ቡናና ክኒን

ድካም የእርግዝና ወገን ነው፤ ነገር ግን የደም ማነስም መልኩ ድካም ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናቲቱ የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ያን ደም ለመሥራት ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። በደጋ የምትኖር እናት ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነቷ ከቆላ ሴት የበለጠ ሄሞግሎቢን ይፈልጋል። በባሕር ጠለል ደረጃ ለነፍሰ ጡር የደም ማነስ ወሰኑ በዴሲ ሊትር 11 ግራም ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ወሰኑም ይጨምራል። እንግዲህ እንደ መተማ ባለ ቆላ “ደህና” የሚባል ቁጥር በጃናሞራ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህንን ማስላት የጤና ባለሙያው ፋንታ ነው፤ ለእኛ የሚበቃን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራትን፣ የዐይኗ ሽፋን ውስጥ የነጣውን እናት “ድካም ነው” ብለን አለማለፍ ነው።

ጤና ጣቢያው በየቀኑ የሚወሰድ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በነፃ ይሰጣል። ብዙዎች ጀምረው ይተዉታል፤ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ዐይነ ምድርን ያጠቁራል። ማጥቆሩ አይጎዳም። ማታ ከምግብ በኋላ ቢወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ ለድርቀቱ ከላይ የተባለው ተልባ አለ።

እዚህ ላይ ቡና ይገባል፤ በጎንደር ምድር ስለ ቡና ክፉ መናገር ድፍረት ቢመስልም። ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ። ስለዚህ ምሳ እንደ ተበላ ወዲያው የሚፈላው ቡና ለነፍሰ ጡሯ አይስማማም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይላት። ከሦስቱም ዙር በአቦሉ ብትወሰን ለእንቅልፏም ለቃሯም ይሻላታል፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ መጫወቷን ግን ማንም አይከልክላት። በተቃራኒው ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ብዙ ያልበሰለ ጎመን፣ ድንችም ጭምር ከምስሩና ከሽሮው የሚገኘው ብረት በሰውነት እንዲወሰድ ይረዳሉ። ጠላና አረቄ ለፅንሱ ጎጂ ናቸው፤ ደኅና የሚባል መጠን የላቸውም። በማኅበርና በሰንበቴ ለነፍሰ ጡሮች የበሶ ብጥብጥ ማቅረብ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለ አምሮትም አንድ ቃል። አብዛኛው አምሮት ጉዳት የለውም፤ ከተገኘ ይሰጣት። አፈር ወይም ከሰል የሚያምራት ግን ብዙ ጊዜ ብረት ያነሳት ናት፤ አፈሩም የአንጀት ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል። መሳቂያ ሳትሆን ለምርመራ ትሂድ።

ባህላዊ መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ ዝንጅብልና ተልባ መልካም መሆናቸው ሁሉም ቅጠል መልካም ነው አያሰኝም። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጤና አዳምም በብዛት ሲወሰድ ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ወገብ ሲታመም ሆድን ማሳሸትም እንዲሁ አደጋ አለው፤ እንግዴ ልጁ ከቦታው ተላቆ ደም ሊፈስ ይችላል። ጀርባና እግር ይታሹ፤ ሆድ ግን አይታሽ።

የማያልፈው

እስካሁን የተባለው ሁሉ በቤት የሚቀል ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ለአንድ ሌሊትም አይታደርም። ከማኅፀን ደም መፍሰስ ትንሽም ቢሆን፤ የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፤ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፤ ትኩሳት፤ ብርቱ የሆድ ሕመም፤ ከምጥ በፊት የሽርት ውኃ መፍሰስ፤ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መጥፋት፤ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እናቲቱ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትወሰዳለች።

ለካህናት በተለይ የሚመለከተው መንቀጥቀጡ ነው። ደም ግፊቷ የጨመረ ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ወራት ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ቀናት በድንገት ልትወድቅና ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። አይታ የማታውቅ ቤተ ሰብ “ያዛት” ብሎ ወደ ጠበል ይሮጣል። ይህ ሕመም ኤክላምፕሲያ ይባላል፤ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ በሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት በሚባለው መርፌ ይታከማል፤ ከዘገየ ግን እናትንም ልጅንም ይወስዳል። ጸሎቱና ጠበሉ አይቀርም፤ በመንገድ ላይም፣ ከአልጋዋ አጠገብም ይደረጋል። ካህኑ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ እየጸለየ ቢሄድ ማንም ቤተ ሰብ በውሳኔ አይዘገይም።

መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ በፊት የሚታወቀው የደም ግፊትን በመለካት ነው፤ ይህም የክትትል ዋና ጥቅም ነው። ከላይ የተጠቀሰው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ የመጀመሪያውም 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን ይመክራል፤ አገራችንም ይህንኑ ተቀብላለች። በገጠራችን ግን ነፍሰ ጡርነት እስኪገፋ ድረስ አይነገርም፤ ቡዳም ሐሜትም ይፈራል። ከሁሉ በፊት የሚሰማው ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ነው። ምስጢሩን ሳያወጣ “ወደ ጤና ጣቢያ ሄደሻል?” ብሎ መጠየቅ ይችላል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን ሲያሠለጥን ታስቦ የነበረው ጤናን ወደ ቤት ማድረስ ነበር፤ ዛሬ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የዚያው ሐሳብ ወራሾች ናቸው። ባለሙያዋ ግን የማታውቀውን ቤት ልታንኳኳ አትችልም።

ቤታቸው ከመንገድ የራቀ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት ቀድመው ገብተው መጠበቅ ይችላሉ። ለዚህም ስንቅ፣ ማገዶና የምታስታምም ሰው ያስፈልጋል፤ በቤት የሚቀሩትንም ልጆች የሚጠብቅ። ብዙዎች ማቆያውን የማይጠቀሙት አገልግሎቱን ጠልተው ሳይሆን እነዚህ ስለሌሏቸው ነው።

ለሰበካ ጉባኤው መወያያ

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጽሑፍ ከተነበበ በኋላ ጉባኤው በሚከተሉት ላይ ይነጋገር፤ የተወሰነውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በአጥቢያችን አሁን ስንት ነፍሰ ጡር እናቶች አሉ? ከእነርሱስ ስንቶቹ ክትትል ጀምረዋል? ይህን ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የሚያመሳክረው ማን ነው? የመጪው ጾም ሳይገባ በፊት ለነፍሰ ጡሮችና ለአጥቢዎች በዐውደ ምሕረት የሚነገረውን ቃል የሚያዘጋጁት የትኛው አባት ናቸው? በመጨረሻ ወሯ ላለች፣ ባሏ በሌለባት ወይም አቅም ባነሳት እናት ቤት ውኃ የሚቀዱ ወጣቶች ከሰንበት ትምህርት ቤት ሊመደቡ ይችላሉ ወይ? የአጥቢያው ቃሬዛ የት ይቀመጣል፣ ሌሊት ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ የወረዳው አምቡላንስ ስልክስ በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ በግልጽ ተጽፏል ወይ?